አሥሩን ይዤ በረኛውን ፍለጋ

ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ስሜን የማያውቅ ካለ እንግዳ ነው። ሙክታር ልብስ ሰፊው እባላለሁ። ሱሪ እንደኔ የሚቆርጥ የለም፤ ይህን የምለው እኔ ሳልሆን ደንበኞቼ ናቸው። የምሰፋበት መኪና ግን የኔ አይደለም፣ የባለሱቁ ነው። ከጉዞዬ ከተመለስኩ ወዲህ በረንዳው ላይ የሚሰበሰበው ሁሉ «እስቲ ስለ እንጦጦ ንገረን» እያለ ሥራ አስፈታኝ። ከመካከላችሁ አብዛኛው ከአዋሽ ወዲያ ተሻግሮ ስለማያውቅ፣ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ነገሩ የካርድ ነገር ነው። የቁማሩን አላልኩም፤ የኳስ ተጫዋች ካርድ። ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ በማስቲካ መጠቅለያ ውስጥ የተጫዋች ፎቶ እያስገባ ይሸጥ ነበር። ከከተማው ክለቦች የተመረጡ አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ወፍራም ወረቀት ላይ፣ እያንዳንዱ ከነቁጥሩ፣ ማሊያው በእጅ ቀለም የተቀባ። ልጆች ማስቲካውን እያኘኩ ካርዱን ይጥሉ ነበር። እኔ ማስቲካውን ለልጆች እየሰጠሁ ካርዱን አስቀመጥኩ። ሚስቴ ፋጡማ «ሰው ፍየል ይገዛል፣ የኔ ባል ወረቀት ይገዛል» እያለች በጎረቤት ፊት አሳቀችብኝ። «ቆይ ታያለሽ፣ ፍየልሽ ሲያረጅ የኔ ካርድ ይወደዳል» አልኳት።

ወላሂ፣ እንዳልኩት ሆነ። ነጋዴው ሥራውን ተወ፣ ማስቲካው ከገበያ ጠፋ፣ ካርዱን ሰው በሻማ ይፈልገው ጀመር። ከዚራ ላይ ሱቅ ያለው ግሪኩ ሙሴ ኒኮላ በካርድ እንደኔ ያበደ ሰው ነው። አንድ ቀን አሥሩን ካርዶቼን ባንኮኒው ላይ ደርድሮ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ መልሶ አድርጎ አያቸውና «ሙክታር፣ በረኛውን ጨምረህ አሥራ አንዱንም አምጣልኝ፣ ያቺን መኪና ውሰድ» አለኝ። በሱቁ መስኮት የቆመችውን አዲሷን ባለፔዳል የስፌት መኪና ነው። ሁለት ሰው ፊት ተጨባበጥን። የራሴ መኪና ማለት የራሴ ሱቅ፣ የራሴ ሱቅ ማለት ደግሞ «ሙክታር፣ ያንን ሱሪ ጨረስክ ወይ?» ብሎ የሚጮህብኝ የለም ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መስኮት ሳላልፍ የዋልኩበት ቀን የለም።

የጎደለኝ ቁጥር አንድ ነው፤ በረኛው ቶሎሳ፣ በቅጽል ስሙ ሸረሪት። የሱን ካርድ ድሬዳዋ ውስጥ አየሁ የሚል አንድ ሰው አልተገኘም። በመጨረሻ አንድ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ «ኳስ ትቷል፣ ግን ራሱ ዘንድ አንድ አለው ይባላል። ዘመዶቹ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ካራ ናቸው» አለኝ። ፋጡማ «በወረቀት ምክንያት አገር ሊያቋርጥ ነው!» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። እኔ ደግሞ ሻንጣዬን።

ሰኞ ንጋት ላይ በሊቶሪና ባቡር ተነሳሁ። ካርዶቼን በንጹሕ ሻሽ ጠቅልዬ ባዶ የሐላዋ ቆርቆሮ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ፤ ቆርቆሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ይዣለሁ። ስህተቴ ይህ ነበር። እንደምታውቁት በባቡራችን ሰው ምግቡን ሳያካፍል አይጓዝም። ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፣ በላሁ። አንዱ ብርቱካን ላጠልኝ፣ በላሁ። ሌላው ሳምቡሳ ጋበዘኝ፣ እሱንም በላሁ። የኔ ቆርቆሮ ግን አልተከፈተም። አዋሽ ስንደርስ ፉርጎው በሙሉ ሐላዋውን ብቻውን ሊበላ ያሰበ ስስታም አድርጎ ያየኝ ጀመር። ሴትዮዋ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ «የዘንድሮ የድሬ ልጅ ተበላሽቷል» አሉ።

እኔ ስስታም! ስድብ ሁሉ ይሁንብኝ፣ ይህቺን ግን አልችላትም። ቆርቆሮውን ከፍቼ አሥሩንም አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ሐላዋ የጠበቀ ሰው የኳስ ተጫዋች ሲወጣለት ፊቱ ምን እንደሚመስል ገምቱት። ደግነቱ አዋሽ ላይ ወርጄ ለሁሉም ሻይ ጋበዝኩና ታረቅን። ከዚያ እስከ ለገሃር ድረስ ፉርጎው ሙሉ የተከራከረው የትኛው አጥቂ ይበልጣል በሚለው ነው።

አመሻሹ ላይ አጎቴ ዩሱፍ ጣቢያ ጠበቀኝ። የእናቴ ወንድም ነው፤ የካ ላይ ሃያ ዓመት ኖሯል፣ የባሕር ዛፍ ግንድ የሚጭን ካሚዮን ይነዳል። የለበስኩትን ስስ ሸሚዝ አይቶ «ልትሞት ነው የመጣኸው?» አለና ካፖርቱን አውልቆ ደረበልኝ። በካሚዮኑ ጋቢና ወደ የካ ወጣን።

ማክሰኞ ከአልጋ አልወረድኩም ብል ይቀላል። ብርዱ! እኛ ጥቅምት ላይ ግቢያችን ውስጥ አልጋ አውጥተን እንተኛለን፤ እነሱ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ። እኛ ቀትር ላይ ሱቅ ዘግተን እንተኛለን፤ እዚህ ቀትር ላይ ሰው የሚሮጥበት ሰዓት ነው። የጫት በርጫ የለ፣ ምን የለ! መንገዳችን ሜዳ ነው፣ የነሱ ሁሉ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ነው፤ ከጎረቤት እሳት ለመጫር እንኳ ዳገት ይወጣሉ። አየሩ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የባሕር ዛፍ ሽታው ደረት ይከፍታል።

ተኝቼ ያጠናሁት የአጎቴን ግድግዳ ነው። እኛ ቤታችንን ኖራ እንቀባለን። እዚህ የጭቃው ግድግዳ ነፋስ እንዳያስገባና አቧራ እንዳያራግፍ ከላይ እስከ ታች ጋዜጣ ይለጥፉበታል፣ በዱቄት ሙጫ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ደግሞ አሮጌውን ሳይልጡ አዲስ ይደርቡበታል። የአጎቴ ሚስት ዘይነብ አጥሚት ይዛልኝ ስትመጣ በግርጌዬ በኩል ያለውን ዜና አንብቤ ጨርሼ ወደ ራስጌ ዞሬ ነበር። «የናንተ ሰው ግድግዳ ያነባል» ብዬ ብስቅባት «የድሬስ ሰው ምን ያነባል?» አለችኝ። አጥሚቴን ጠጣሁ።

ረቡዕ አጎቴ ግንድ ሊጭን ወደ ምሥራቅ ሲሄድ እስከ ካራ አደረሰኝ። ካራ ከከተማ ይልቅ ገጠር ይመስላል፤ ቤት፣ ከዚያ የጤፍ ማሳ፣ ከዚያ እንደገና ቤት። አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸውና በድሬ ልጅ ሙሉ ፍቅር «ሰላም ነህ? የነቶሎሳን ቤት ታውቀዋለህ?» አልኳቸው።

እኛ ጋ አባትህንም፣ ዳኛውንም፣ ጎረቤትህንም «አንተ» ነው የምትለው፤ ማንም አይቆጣም። ሽማግሌው ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ቀስ ብለው ዱላቸውን አነሱና ወደ ታችኛው መንገድ አመለከቱኝ። «በዚያ ሂድ። ወንዙን ተሻገር። ከዚያም ሂድ።»

ሄድኩ። ወንዙን ስሻገር ጭቃው አንድ ጫማዬን ዋጠው፤ በእጄ ቆፍሬ አወጣሁት። ከዚያም ሄድኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከተጓዝኩ በኋላ በግ የምታግድ አንዲት ሴት «እነቶሎሳ? ካራን እኮ አልፈህ ነው የመጣኸው፤ ቤታቸው ሽማግሌው የሚቀመጡበት አጥር ውስጥ ነው!» አለችኝ። ስመለስ እኒያው ሽማግሌ እዚያው ተቀምጠዋል። ጭቃ በጭቃ ሆኜ ከፊታቸው ቆምኩ።

«አባባ፣ እርስዎ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ» አልኳቸው።

«አሁን ገና ጠየቅክ» አሉና ሳቁ። የቶሎሳ አጎት ናቸው። ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ ግንባራቸውን መቱ፤ «የድሬ ሰው መሆንህን ብትነግረኝ ኖሮ! አንድ የናንተ ሾፌር ዓመት ሙሉ አንተ ብሎኛል።» ጫማዬን በራሳቸው እጅ አጠቡልኝ፣ ሱፍ ፍትፍት አበሉኝ፣ ቶሎሳ ከእንጦጦ በላይ የደን ጠባቂ ሆኖ እንደሚኖር ነገሩኝ። ሲሸኙኝ ለመንገድ የሚሆን ዱላም ሰጡኝ፤ ያው ያሳሳተኝን።

ሐሙስ ጠዋት ከየካ በእግሬ ወጣሁ። ዳገቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። ከላይ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች በጎኔ ይወርዳሉ፤ ሸክማቸው ከነሱ ይበልጣል፣ እኔ አንዲት የሐላዋ ቆርቆሮ ይዤ እንደ ወናፍ እተነፍሳለሁ። አንዷ «አይዞህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስትደርስ ሜዳ ነው» አለችኝ። ሜዳ ያለችውን አየሁት፤ እኛ ተራራ እንለዋለን።

ቶሎሳ ደጁ ላይ እንጨት ይፈልጣል። እንደ በር የሰፋ ሰው ነው፤ ጸጉሩ አልቋል፣ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ተጣምመው ቀርተዋል። ኳስ ያስተዉት እነሱ ናቸው። ከድሬዳዋ የመጣሁት ለሱ ካርድ መሆኑን ስነግረው ምሳሩን አስቀምጦ እየሳቀ «ጫልቱ፣ ነይ ስሚ! ለኔ ፎቶ ባቡር የተሳፈረ ሰው መጣ!» ብሎ ሚስቱን ጠራ።

ከካራው ትምህርት ወዲህ ሁሉንም «እርስዎ» ማለት ጀምሬያለሁ። ስምንት ዓመት የማይሞላት ልጃቸውን ደብሪቱን «እርስዎ እንዴት ነዎት?» ብላት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ከእናቷ ጀርባ ተሸሸገች። ጫልቱ ስሜን ሰማች፣ ምድጃው ላይ የተጣደውን የሥጋ ወጥ አየች፣ ምንም ሳትናገር ድስቱን አወረደች። ለእስላም እንግዶቿ ለብቻው ያስቀመጠችውን ድስት አውጥታ ሽሮ ጣደችልኝ። ባልና ሚስቱም ሥጋቸውን ትተው ከኔ ጋር ሽሮ በሉ። እዚህ ላይ ድሬዳዋን እንዳላሞግስ አፌን ያዝኩ።

ከምሳ በኋላ ቶሎሳ በአልጋው በላይ ያለውን ግድግዳ በተጣመመው ጣቱ አሳየኝ። «እዚያ ነበርኩ።»

«የት?»

«ሥር። ሁለቴ ተለጥፎብኛል።»

ጫልቱ አፈረች። ካርዱን ገና ሙሽራ እያለች ነው ግድግዳው ላይ የለጠፈችው፣ ለክብሩ። በኋላ፣ ደብሪቱ ሳትወለድ፣ አንድ መስከረም ጋዜጣውን በዙሪያው መቁረጥ ሲያስቸግራት በላዩ ለጠፈች፤ በሚቀጥለውም እንደገና። ደብሪቱ አባቷ ያወራውን እንጂ ፎቶውን አይታ አታውቅም። ችግሩ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያለው ጋዜጣ ነው። ልክ በቦታው ላይ የጃንሆይ ምስል፣ ገጹን ሙሉ፤ ከዚያ ወዲህ በላያቸው ሊለጥፍ የደፈረ የለም።

የጃንሆይን ምስል ለመቅደድ ማን ይደፍራል? ቶሎሳ የመንግሥት ደን ጠባቂ ነው፣ እኔ ደግሞ እንግዳ። ጫልቱ በሩን ገርበብ አደረገችው።

ያን ጊዜ የእጄ ሙያ ደረሰልኝ። ኮሌታ ላይ የተጣበቀ ገበር በእንፋሎት ይለቃል፤ ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ። ውሃ አፈላን፣ ፎጣ ነከርን፣ እኔ በእንፋሎቱ ጠርዝ ጠርዙን አላቀቅሁ፣ ቶሎሳ በሁለት እጁ ከላይ ያዘ። ሁለት ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ ፈጀ። ጃንሆይ ሳይቀደዱ፣ ሳይጨማደዱ ወረዱ። ጫልቱ ንጹሕ ነጠላ አልጋው ላይ ዘርግታ አሳረፈቻቸው፣ እጅም ነሳች። ቶሎሳ ላቡን ጠረገ። ከሥሩ ያለው ጋዜጣ የሳሙና ማስታወቂያ ስለነበረ እሱን በጥፍራችን ፋቅነው።

ወጣ። አረንጓዴ ማሊያ፣ ቁጥር አንድ፣ በአየር ላይ ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ ኳሱ በሁለት እጁ። ቀለሙ ትናንት የተቀባ ይመስላል። እንዲህ ያለ ካርድ በዕድሜዬ አላየሁም።

ደብሪቱ አልጋው ላይ ወጥታ ተጠጋችው። «አባዬ፣ ይሄ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኛ።»

«ጸጉር ነበረህ?»

በጥፍሬ አንዱን ማዕዘን ሞከርኩ። ወረቀቱ ከሙጫው አልለቀቀም፤ እንፋሎቱን ሳቀርብ ደግሞ የማሊያው አረንጓዴ ጣቴ ላይ ወጣ። እጄን ሰበሰብኩ። ሌላ ጊዜ ብሞክር በረኛው ይጠፋል። ለቶሎሳ ስለ ሙሴ ኒኮላ፣ ስለ ስፌት መኪናዋ ነግሬዋለሁ፤ ምን እንደቀረብኝ ገብቶታል። ትንሽ አሰበና ገጀራውን ከበሩ ኋላ አመጣ።

«ከነጭቃው እቆርጥልሃለሁ። በጆንያ ጠቅልለህ ውሰደው።»

«ግድግዳውስ?»

«ጭቃ አይደል? ነገ አቦካለሁ።»

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። በጆንያ የተጠቀለለው በረኛ ባቡር ላይ አጠገቤ ሲቀመጥ ታየኝ። መኪናዋ በቤቴ በር ስትገባ ታየችኝ። ቶሎሳ አንዴ መታ፤ ጭቃና ጭድ አልጋው ላይ ረገፈ፣ በቀዳዳው የእንጦጦ ነፋስ ፉጨት አሰማ። ደብሪቱ ከካርዱ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል አቧራውን እፍ እፍ ትላለች። ጫልቱ፣ የራሷ ግድግዳ እየፈረሰ፣ አቧራው እኔን ስላገኘኝ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

አንጀቴን በሉት። ከዚያ ደግሞ፣ አልደብቅም፣ ተናደድኩ። ይህ ሰው እኔን ያወቀኝ ዛሬ ጠዋት ነው፤ ለአንድ ልብስ ሰፊ ቤቱን ያፈርሳል፣ የራሱን ክብር ከግድግዳው ነቅሎ ይሰጣል። በልግስና ሰው በልጦኝ አያውቅም። ከድሬዳዋ ድረስ መጥቼ እንጦጦ ላይ ልበለጥ? በሁለተኛው ምት ላይ ክንዱን ያዝኩት።

«ተው። ዱቄት አላችሁ?»

«ዱቄት ለምን?»

ቆርቆሮውን ከፈትኩ። አሥሩን አልጋው ጠርዝ ላይ ደረደርኳቸው። ቶሎሳ ገጀራውን ጣለው። ጓደኞቹን አንድ በአንድ በተጣመመው ጣቱ ነካቸው፣ በስማቸው እየጠራ። አንዱ ላይ ሲደርስ «ነፍስ ይማር» አለ፤ ዕንባው እስከ አገጩ ወረደ፣ አልጠረገውም። «ልትሰጠኝ ነው?» አለኝ። «ከበርህ ፊት ልናቆማቸው ነው» አልኩት።

ጫልቱ ሙጫ አቦካች። ቶሎሳ ወዲያው እንደ ጥንቱ መጮኽ ጀመረ፤ «እሱን ወደ ግራ፣ በቀኙ መምታት አይችልም! አንተ ወደ ኋላ ተመለስ! አሥር ቁጥርን ለብቻው ተውት፣ ሰው ሲጠጋው አይወድም!» እኔ እለጥፋለሁ፣ ደብሪቱ ታቀብለኛለች። ዘጠኝ ቁጥር ጋ ስደርስ ካርዱን አገላብጬ አየሁት። የመጀመሪያው ካርዴ እሱ ነው። ደብሪቱ ጎሸም አደረገችኝ፣ ለጠፍኩት። ሲያልቅ ራቅ ብለን አየን። ሙሉ ቡድን። ጃንሆይን ከሁሉም በላይ አድርገን ለጠፍናቸው፣ ጨዋታውን እንዲያዩ።

ዓርብ አጎቴ ጋ አረፍኩ፣ ቅዳሜ በባዶ ቆርቆሮ ተመለስኩ። ጫልቱ ቆሎ ሞልታልኝ ስለነበር በዚህ ጊዜ ፉርጎው አላማኝም።

ሙሴ ኒኮላ ታሪኩን ሰምቶ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «እብድ! አሥሩንም?» አለኝ። መኪናዋን ከመስኮቱ አላነሳትም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ዛሬም የምሰፋው በሰው መኪና ነው፣ ባለሱቁም ዛሬም ይጮህብኛል። አገሩን ሁሉ ብታስሱ ግን አሥራ አንዱ የተሟሉበት አንድ ቦታ ብቻ ነው የምታገኙት። አሟልቼ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ፤ ሙሴ ኒኮላ አይደለም።

ፋጡማ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ምግብ አቅርባ ትወጣለች። በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ እንደ ልማዳችን ጋደም ብዬ ሳለ ከመጋረጃው ወዲያ ከጎረቤቷ ጋር ስታወራ ሰማኋት። ጎረቤቷ «ያ ሁሉ ወረቀት ከንቱ ቀረ በይኛ» አለቻት።

«ምን ከንቱ?» አለች ፋጡማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «አሥሩንም ነው የሰጠው! ያንቺ ባል ቢሆን አንዷን ይሰጣል?»

የተኛሁ መስዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ደግማ እንድትለው።